ስለ ተበየደው በር የቀረበ ልባዊ ምስጋና

ለክቡር የውሃ ትራንስፖርት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና የቢሮዎ ባልደረቦች ሁሉ በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ ደግሞ የሾፌርዎ አንገት እንዴት እንደ ሰነበተ ለማወቅ እጓጓለሁ። አሮጊቷ መርከባችን ታድሳ ሪባን በቆረጡላት ቀን የክቡርነትዎ መኪና ከሁሉ ቀድማ ገብታ፣ ከሁሉ በኋላ፣ ያውም የኋሊት ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእርስዎ ኋላ የገባው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ በፈገግታ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ከሕዝቡ በፊት አልወርድም የሚሉ ትሑት አለቃ አገኘን ብለን እርስ በርሳችን ተነጋግረን ነበር። መውጫ አጥተው እንደ ነበር የተረዳነው ቆይተን ነው።

እኔ በወዲህኛው ዳርቻ፣ ከመሳፈሪያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነች ክር ላስገባ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው መርከቧን ነው፤ ከባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የበለጠ እሷን ሳላያት አልቀርም። ክቡርነትዎ አያውቁኝም፤ በዚህም አልቀየምም። ሆኖም ግን በመርከቧ ላይ ያሠሩት የክብር እንግዶች ማረፊያ መጋረጃ የተሰፋው በእነዚህ እጆች ነውና ፈጽሞ ባዕድ ነኝ ለማለት ይቸግረኛል።

ጉዳዬን ሳላዞር ላስቀድም። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ማዶ ያሉት ሐኪም ሕፃኑ ተጋድሞ መቀመጡን አይተው፣ ምጥ እንደ ጀመራት ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት እንዳለባት፣ ብትዘገይ ግን ለሁለቱም እንደሚያሰጋ ነግረውናል። በእኛ በኩል ያለው ጤና ጣቢያ ሙቀት ይለካል፣ ቁስል ያጥባል፣ ያጽናናልም፤ ኦፕራሲዮን ግን አያደርግም። ማዶ ያለው ሆስፒታል ደግሞ ምጥ ላልጀመራት ሴት አልጋ የለኝም ይላል፤ እዚያ የምናሳርፍበት ዘመድ የለንም። ስለዚህ በልጄና በሐኪሟ መካከል ያላችሁት ውሃውና እርስዎ ብቻ ናችሁ። ስለ ውሃው ማንንም አልከስም። ከእርስዎ ግን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ልጄ ከመውለዷ በፊት የተበየደው የመርከቧ በር ይከፈትልን።

ልመናዬን እዚህ ላይ ባቆም ለሁለታችንም በቀለለ ነበር። ይሁን እንጂ ሳያመሰግኑ መለመን ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ፣ ምስጋናዬን ጽሕፈት ቤትዎ በሚወደው መንገድ በተራ ቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ።

አንደኛ። መርከባችን ፊትና ኋላ እንዲኖራት ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ ይህች መርከብ ስትሠራ ሁለቱም ጫፎቿ አንድ ዓይነት ነበሩ። በዚህም በዚያም ጫፍ ሲወርድ ድልድይ፣ ሲነሣ መዝጊያ የሚሆን ሰፊ ብረት ነበራት፤ በዚህም በዚያም ከውሃው በታች የሚገፋት ፕሮፔለር፣ ከጣራው ላይ ደግሞ የመሪ ክፍል ነበራት። መኪናው ፊቱን ወደ ማዶ አድርጎ ይገባል፤ ማዶ ሲደርስ ከፊት ለፊቱ ያለው በር ይወርድለትና እንደ ገባ ቀጥ ብሎ ይወጣል። መርከቧ መዞር አያስፈልጋትም ነበር፤ የሚዞረው ካፒቴኑ ነው። ዳርቻ በደረሰ ቁጥር የመቀመጫ ትራሱንና የሻይ ፔርሙሱን ታቅፎ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ በጣራው ላይ ከአንዱ የመሪ ክፍል ወደ ሌላው ይራመዳል፤ እዚያ ሲቀመጥ ኋላ የነበረው ፊት ሆኖ ይጠብቀዋል። በእኔ ሙያ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው በሁለቱም በኩል የሚለበስ ካፖርት ነው። እንዲህ ያለውን የሚሰፋ ሰው ብዙ ይጨነቃል፤ የሚለብሰው ግን ምንም አያስብም።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ ድግግሞሽ ብክነት ሆኖ አገኙት። በር ከሁለት አንዱ ይበቃል በሚል ሐሳብ፣ በእድሳቱ ጊዜ አንደኛው በር ወደ ላይ ተነሥቶ ዙሪያውን ተበየደ፤ ከጀርባውም የክብር እንግዶች ማረፊያ ተሠራ። ካፒቴኑ ትራሱን ታቅፎ ከመመላለስ ዐረፈ። አሁን የምትዞረው መርከቧ ናት። በአንዱ በሯ ሁለቱንም ዳርቻ መንካት ስላለባት ውሃው መሃል ስትደርስ ጎኗን ለነፋሱ ትሰጥና እያቃሰተች ትዞራለች፤ በዚህም ምክንያት በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ዳርቻ በየተራው የማየት ዕድል አግኝተናል። ነፋስ ባለበት ቀን ምሳውን በልቶ የሚሳፈረው ሆዱን የሚያምን ሰው ብቻ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የሚቀመጡ አንዳንድ እናቶችም የመጡበትን ዳርቻ መልሰው ከፊታቸው ሲያዩት፣ የረሱት ዕቃ ትዝ እያላቸው እንውረድ ይላሉ።

ሁለተኛ። ለሾፌሮቻችን ስለሰጡት ነጻ ሥልጠና። ፊት ለፊት ገብቶ የኋሊት መውጣት ግዴታ ከሆነ ወዲህ፣ ከዚህ ቀደም የኋላ ማርሹን ለበዓል ብቻ ያስገባ የነበረ ሾፌር ሁሉ ተጎታች የታሰረበትን መኪና ሳይቀር በዚያች ጠባብ ብረት ላይ ሽቅብ የኋሊት ማውጣት ለምዷል። ያልለመደው ደግሞ የጎን መስታወቱን ትቶ ይሄዳል። በመርከቧ ላይ መኪና የሚደረድረው ሰውዬ፣ ሁላችንም «ስበረው» የምንለው፣ ድሮ ሥራውን የሚጨርሰው በሁለት የእጅ ምልክት ነበር። ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ «ና፣ ና፣ ግራ ስበረው፣ ኧረ ግራ ነው ያልኩህ፣ ቁም!» ሲል ይውልና ቤቱ ሲገባ ድምፅ አይኖረውም። ሚስቱ በቅርቡ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ ትዳራቸው እንዲህ ሰላም ሆኖ እንደማያውቅ ነግራኛለችና የእሷንም ምስጋና አብሬ አድርሻለሁ።

ስለ ስበረው ሙያ አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ ያስፈልገኛል። እሱ መኪና ሲደረድር በመካከል እጅ አያስገባም። ከባዱን መሃል፣ ቀላሉን ዳርና ዳር አድርጎ፣ ጎማውን በታኮ ይዞ፣ መከላከያ ከመከላከያ ያሳስመዋል። በመርከቧ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ባዶ ቦታ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። መኪና አንዴ ከገባ ሾፌሩ እንኳን በሩን ከፍቶ ለመውረድ ሆዱን መሳብ አለበት፤ የኋላ መዝጊያ መክፈትማ አይታሰብም።

ሦስተኛ። ስለ ማረፊያው። መጋረጃውን ለመለካት በገባሁ ቀን እንዳየሁት ክፍሉ እጅግ ያማረ ነው። ቀይ ሶፋዎች አሉት፤ የተጠቀለሉበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሣላቸውም። የመስታወት ጠረጴዛ አለው፤ በላዩም ውሃ የማይጠይቁ የላስቲክ አበቦች አሉ። ቁልፉ በዋናው መሥሪያ ቤት ስለሚቀመጥና ዋናው መሥሪያ ቤት ከውሃው ርቆ ስለሚገኝ፣ ከሪባኑ ቀን በኋላ የክብር እንግዳ ገብቶበት አያውቅም። እኛ የክብር ያልሆንነው ላይ ፎቅ ላይ ነን፤ የፎቁ ጣራ በእድሳቱ ጊዜ ስለተረሳ ዝናብ ሲጥል ሕፃን ያዘሉ እናቶች ወደ ታች ይወርዱና በማረፊያው መስታወት ባዶዎቹን ሶፋዎች እያዩ ይሻገራሉ። ዓይን ያርፋል፤ እግርን ግን እንጃ። መጋረጃውን ከውስጥ የሚዘጋ አድርጌ መስፋቴ ለዚህ ይመስለኛል የጠቀመው።

ስለካ ሳለሁ ከትልቁ ሶፋ ጀርባ የተበየደው በር ሰንሰለት ጫፍ ነካኝ። ክቡርነትዎ ቢያምኑኝ ቅባቱ አልደረቀም ነበር፤ ቀሚሴን አበላሽቶብኛል። የበየደው ሰውዬ ራሱ ሱሪ ሊያሳጥር በመጣ ጊዜ በሩ መልሶ ይከፈት ይሆን ብዬ ብጠይቀው፣ «እንደሱማ ከሆነ ጠዋት ብጀምር ለምሳ ተከፍቶ ይጠብቅሻል፤ ሶፋውን የሚያነሣልኝ ሰው ብቻ ስጪኝ» ነው ያለኝ። ሶፋ የሚያነሣ ሰው በእኛ ዳርቻ ሞልቷል።

አራተኛውን ምስጋና ጽፌው ነበር። ልጄ አንብባው «እማዬ፣ ይቺስ ታሳስርሻለች» ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ። ክቡርነትዎ እንደ ተቀበሉት ቢቆጥሩልኝ ደስ ይለኛል።

አምስተኛ። በመሳፈሪያው ግድግዳ ላይ በፊርማዎና በማኅተምዎ የተለጠፈው መመሪያ፣ «አምቡላንስ ከማናቸውም ተሽከርካሪ በፊት ቅድሚያ ተሰጥቶት ይገባል» ይላል። መልካም መመሪያ ነው፤ ያለ ማኅተም ስንሠራበት የኖርነውም እሱኑ ነበር። መርከቧ ሁለት በር በነበራት ጊዜ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣ ስለነበር፣ የማዶው በር ወርዶ ሳያበቃ የአምቡላንሱ ጎማ ብረቱ ላይ ነበር። አሁን መጀመሪያ የገባው ሄዶ ከማረፊያው መስታወት ሥር ይሸጎጣል። ከኋላው አውቶቡሱ፣ ጭነት መኪናው፣ የቤት መኪናው ሁሉ ይደረደራል፤ ማዶ ሲደረስም ይህ ሁሉ አንድ በአንድ የኋሊት ወጥቶ እስኪያልቅ አምቡላንሱ እየጮኸ ይቆማል። በሪባኑ ቀን ክቡርነትዎ የቀመሱት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እርስዎ አልታመሙም ነበር።

ጎረቤታችን አናጢው ግን ታሞ ነበር። መጋዙ ሁለት ጣቶቹን በቆረጠበት ቀን፣ ጣቶቹን ለሙሽራ ቀሚስ ባስቀመጥኩት ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በረዶ ባለበት ፌስታል ውስጥ የከተትኳቸው እኔ ነኝ። ብዙ ደም ስለ ፈሰሰው አምቡላንሱ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። በመመሪያው መሠረት መጀመሪያ ገባ። ማዶ ስንደርስ ከኋላው የነበረው የሽንኩርት መኪና የኋሊት ልውጣ ሲል ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ ሞተሩ ጠፋ። ሾፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረው። ሰው ሁሉ ወርዶ ገፋ፤ እኔም ገፍቻለሁ። ሕመምተኛውን ተሸክመን እንዳናወጣው የአምቡላንሱ የኋላ መዝጊያ በሽንኩርቱ መኪና አፍንጫ ተይዟል። ቅድሚያ ለመስጠት ያልፈለገ አንድም ሰው አልነበረም፤ የሚሰጥበት ቦታ ነው የጠፋው። ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሞቹ ጣቶቹ ከዚህ በኋላ እንደማይያያዙ ነገሩት። እኔ የምሰፋው ጨርቅ ቢያድር ምንም አይሆንም፤ ጣት ግን እንደማያድር ያን ቀን ተማርኩ። የሽንኩርቱ መኪና ሾፌር ከዚያ ወዲህ አናጢውን ከሩቅ ካየ መንገድ ይቀይራል፤ አናጢው ምንም ብሎት አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ስበረው ጭንቅላቱን ተጠቅሞ ነበር። በሌላ ጊዜ አምቡላንስ ሲመጣ ዳር አስቁሞ፣ ሌላውን ሁሉ አስገብቶ፣ እሱን በመጨረሻ አስገባው፤ ማዶም አምቡላንሱ መጀመሪያ ወጣ። ተቆጣጣሪዎ ይህን አይቶ፣ «አምቡላንስን ከሁሉ ኋላ በማሰለፍ መመሪያን በመጣስ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ሁለተኛ ከተደገመ ከሥራ ይሰናበታል ተብሏል። ልጆች አሉትና አይደግመውም፤ እኔም ድገመው ልለው አልችልም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ቀደም ስለዚሁ ጉዳይ አመልክቼ፣ ጥያቄዬ ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ ኮሚቴ እንደሚቋቋም የሚገልጽ መልስ ደርሶኛል። ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። ያ መልስ በደረሰኝ ጊዜ የልጄ ሆድ ገና አልታየም ነበር፤ ዛሬ ልጄ የጫማዋን ማሰሪያ ማየት ካቆመች ሰንብታለች። አማቼ ማታ ማታ መሳፈሪያው ድረስ ወርዶ መርከቧን አፍጥጦ አይቷት ይመለሳል። ኮሚቴው ግን እስካሁን ሰብሳቢ እንዳልተገኘለት ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ የአክብሮት ቃል ፈልጌ አጣሁና እንዲሁ ልጻፈው። እፈራለሁ። በመስኮቴ መርከቧ ስትዞር ባየሁ ቁጥር ልጄ ውስጧ ያለች ይመስለኛል። በመጋረጃው ሥር ተሸጉጣ፣ ከኋላዋ መኪና ተደርድሮ፣ ልጄ ስታምጥ አየዋለሁ፤ መርፌዬ ጣቴን የሚወጋው ያኔ ነው። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ለአንድ ጠዋት በያጁን እንዲልኩልን፣ ሶፋዎቹንም ላስቲካቸው ሳይነካ ወደ ሚገባቸው ክፍል እንዲያዛውሩልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። መጋረጃውን ራሴ ፈትቼ፣ አጥቤና ተኩሼ እመልሳለሁ።

በመጨረሻም፣ አንዲትን አሮጌ መርከብ በአዲስ ቀለም፣ አንድን ሕዝብ በአዲስ ትዕግሥት ላስዋቡት ለክቡርነትዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ማረፊያው ሶፋ ሳይነካ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎም በተነሡ ጊዜ ሁሉ መውጫው ከፊት ለፊትዎ እንዲሆን እየጸለይኩ እሰናበታለሁ።

ፊት ለፊት ገብታ የኋሊት የምትወጣ ታማኝ ተሳፋሪዎ፣
የክብር እንግዶች ማረፊያ መጋረጃ ሰፊ፣
በቅርቡም አያት ለመሆን የምትጠባበቅ

ግልባጭ፦
ለመሳፈሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአናጢው
ለኮሚቴው (ሲቋቋም)

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ፣ ነገ ጠዋት እልከዋለሁ ብዬ የስፌት መኪናዬ ላይ ትቼው ሳለ የልጄ ምጥ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ መጣ። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ማዶ የገበያ ቀን ስለሆነ ሰልፉ ሱቄን አልፎ ሄዷል። አምቡላንሱ ሲደርስ ስበረው መመሪያዎን አክብሮ መጀመሪያ አስገባን፤ ፊቴን ማየት ግን አልቻለም። ሄደን በዚያው በሰፋሁት መጋረጃ ሥር ቆምን። የልጄን እጅ ይዤ ከኋላችን የሚገቡትን መኪኖች ድምፅ መጠበቅ ጀመርኩ። ልጄም ትጠብቅ ነበር፤ በምጡ መካከል «እማዬ፣ ገቡ እንዴ?» ትለኛለች።

ድምፅ አልመጣም። በአምቡላንሱ የኋላ መስታወት ሳይ አናጢው የመርከቧ በር ላይ ቆሟል። ከሰልፉ መካከል ወጥቶ መጥቶ ነው፤ ጣት የጎደለውን እጁን ወደ ላይ አንሥቶ መንገዱን ይዟል። ከሰልፉ ፊት የነበረው ደግሞ ያው የሽንኩርቱ መኪና ነበር። ሾፌሩ አናጢውን አየው፣ አምቡላንሱን አየው፣ ሞተሩን በገዛ እጁ አጠፋና ወርዶ አጠገቡ ቆመ። ስበረው ግባ ቢለው፣ «እኔ ዛሬ ምንም አልቸኩልም፤ ሽንኩርት ደግሞ ወዴት ይሄዳል?» አለው። ገበያው ሊበተን እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ተራው ለአውቶቡሱ ሲሰጥ ሾፌሩ ሞተሩ ይቀዝቅዝ አለ፤ ገና መነሣቱ ነው። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ብቅ እያሉ፣ አንዱ ፈተናዬ ተላልፏል፣ አንዱ የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ ነገ ነው፣ አንዷ ደግሞ ቀድሞውኑ መሄዱን አልፈለግሁትም ነበር አለች። በዕድሜዬ ይህን ያህል ውሸት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሰምቼ አላውቅም። ሰልፉ እስከ ጫፉ ድረስ አልቸኩልም አለ።

ስበረው ያን ባዶ ወለል አየ። አንድ ክንድ ባዶ ቦታ የማይወደው ሰው እንባው መጣ፤ ዞር ብሎም ለካፒቴኑ እጁን አወዛወዘ። ካፒቴኑ ጥሩምባውን ነፍቶ ተነሣ። ውሃው መሃል መርከቧን ሲያዞራት በጣም ቀስ ብሎ ስለነበር የልጄ እጅ ከእጄ ውስጥ አልተነቃነቀም። ማዶ በሩ ወረደ፣ አምቡላንሱም የኋሊት፣ ማንም ሳይጋርደው ወጣ።

ሴት ልጅ ናት። እሷም ደህና ናት፣ እናቷም ደህና ናት። ሐኪሟ ከክፍሉ ወጥተው «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብለው ጀመሩና ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም፤ እኔም ጨርሱልኝ አላልኳቸውም።

አሁን እንደ ሰማሁት፣ ካፒቴኑ ያን ሁሉ ሰልፍ ትቶ አንድ መኪና ብቻ ይዞ ለምን እንደ ተሻገረ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ታዟል። እሱ ዝምተኛ ስለሆነ ላስረዳለት። መመሪያዎ አምቡላንስ መጀመሪያ ይግባ ይላል፤ ገብቷል። ሁለተኛ ማን እንደሚገባ ግን መመሪያው አይናገርም፤ ሁለተኛ የሚገባ ጠፋ። በዚያን ቀን በመሳፈሪያው ላይ መመሪያዎን የጣሰ አንድም ሰው አልነበረም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ምጥ ሰልፍ ሙሉ ሰው እየዋሸ ሊኖር አይችልምና ልመናዬ እንዳለ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ብቻ ሌሎች ነፍሰ ጡሮች አሉ።

ክቡርነትዎ ሕፃኗን ለማየትና በሩን በዓይንዎ ለመመርመር ቢመጡልን ታላቅ ደስታ ይሰማናል። ለክብርዎ በሚገባ መጀመሪያ እናስገባዎታለን። ከኋላዎ ግን ሁላችንም እንገባለን።